የኮሪያ ባህላዊ የእጅ ሥራ ለአንደኛ ደረጃ ልጆች፦ ከየትኛው እንጀምር?

የኮሪያ ባህላዊ የእጅ ሥራዎች ለልጆች የሥዕል ክፍለ ጊዜ ይመቻሉ። ቀለማቸው ደማቅ ነው። የብዙዎቹ ዕቃ ወረቀት፣ ክርና ሙጫ ነው። ተረትም አያጡም። ፈተናው የምርጫው ብዛት ነው። ሁሉንም በአንድ መንፈቅ ዓመት ላዳርስ ያለ አስተማሪ መጨረሻ ላይ የሚተርፈው ያላለቀ ሥራ የታጨቀበት ካርቶን ነው።

እኔ የማበላልጠው በአንድ ጥያቄ ነው፦ በዚህ ሥራ ውስጥ ልጁ ራሱ የሚወስነው ምን ያህል ነው? ያለቀው ሥራ ምን ያህል ኮሪያዊ ይመስላል የሚለው ሁለተኛ ነው። ዛሬ ኮሪያ ውስጥ ለእያንዳንዱ የእጅ ሥራ ማለት ይቻላል የተዘጋጀ ኪት ይሸጣል። ነጭ ማራገቢያ፣ ነጭ ጭምብል፣ ተቆርጦ ያለቀ የመብራት ሳጥን። ልጁ የሚጠበቅበት ቀለም መቀባትና መለጠፍ ብቻ ነው። ሃያ ልጅ ሃያ ተመሳሳይ ማራገቢያ ይዞ ይወጣል። ፎቶው ያምራል፤ ፈጠራ ግን የለበትም።

ቀጥሎ የሚመጣው ሰዓት ነው። በኮሪያ አንደኛ ደረጃ አንድ ክፍለ ጊዜ 40 ደቂቃ ነው። ለሥዕል ሲሆን ሁለቱን አጣምሮ 80 ደቂቃ ማድረግ የተለመደ ነው። በ1ኛና በ2ኛ ክፍል ሥዕል ለብቻው አይሰጥም፤ «አስደሳች ሕይወት» በሚባል የተቀናጀ ትምህርት ውስጥ ይካተታል። ራሱን የሚችለው ከ3ኛ ክፍል ጀምሮ ነው። ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ክፍሎች ከ1ኛ እስከ 6ኛ ያሉት ናቸው።

ሀንጂ፦ ወረቀቱ ራሱ

አንድ ብቻ ምረጥ ብባል ሀንጂን እመርጣለሁ። ሀንጂ የኮሪያ ባህላዊ ወረቀት ነው። የሚሠራው ዳክ ከሚባል፣ የሾላ ዘመድ ከሆነ ዛፍ ውስጠኛ ልጥ ነው። ልጡ ይቀቀላል፣ ይወቀጣል፣ ውሃ ውስጥ ይበጠበጣል፣ ከዚያ በቀርከሃ ወንፊት እየተጠለለ ገጽ ይሆናል። የልጡ ክሮች ረጃጅም ስለሆኑ ወረቀቱ በቀላሉ አይቀደድም። ድሮ የቤት በርና መስኮት የሚለበጠው በዚሁ ነበር።

ዕድሜውን ለልጆች ለመንገር አንድ ምሳሌ ይበቃል። ግዮንግጁ ከተማ ቡልጉክሳ የሚባል የቡድሃ ቤተ መቅደስ አለ። እዚያ ካለ የድንጋይ ማማ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1966 የጸሎት ጥቅልል ተገኘ። ከ751 በፊት እንደታተመ ይታመናል። የታተመው በዳክ ወረቀት ላይ ነው። ከዚህ በኋላ ልጆቹ እጃቸው ላይ ያለውን ወረቀት እያገላበጡ ማየታቸው አይቀርም።

ለጀማሪ የሚሆነው ዘዴ መቅደድ ነው። ብሩሽ ውሃ ውስጥ ይነከርና ሀንጂው ላይ መስመር ይሳላል። ከዚያ በሁለት እጅ ቀስ ተብሎ ይሳባል። ወረቀቱ በረጠበው መስመር ይለያያል፣ ጠርዙ ላይም ቀጫጭን ክሮች ይወጣሉ። ያ ጠርዝ ለአንዱ ልጅ ጭጋግ ነው፣ ለሌላው የድመት ፀጉር፣ ለሦስተኛው ማዕበል። መቀስ አልታዘዝ የሚለው የ1ኛ ክፍል ልጅ እዚህ ከትልልቆቹ አያንስም። በመቀስ ከተቆረጠ ግን ይህ ሁሉ ይቀራል። ስለዚህ መቀሱን ደብቁት።

ከ4ኛ ክፍል በላይ ላሉት ሌሎች ሁለት መንገዶች አሉ። አንዱ ጂሱንግ ነው፤ ወረቀቱ በቀጭኑ ተቆርጦ፣ በጣት ተፈትሎ፣ እንደ ገመድ ይጎነጎናል። ድሮ ያረጀ መጽሐፍ ገጽ ሳይጣል በዚህ መንገድ ቅርጫትና ሣጥን ይሆን ነበር። ሁለተኛው ጂሆ ነው፤ ብጥስጣሽ ወረቀት ተዘፍዝፎ ከሙጫ ጋር ይለወስና ሳህን ወይም ጭምብል ይሠራበታል። ጂሱንግ ትዕግሥት ይፈትናል። ልጆቹ አንድ አንድ ክንድ የሚያህል ፈትለው ሲያበቁ ሁሉንም ቀጥሎ አንድ የጋራ ሥራ መሥራት ይሻላል፤ ቅርጫት ጨርሱ ማለት ግፍ ነው።

ሙጫውን ራሳችሁ አብስሉት። አንድ እጅ የስንዴ ዱቄት በአምስት እጅ ውሃ በደንብ ይበጠበጥና በትንሽ እሳት እየተማሰለ እስኪወፍርና ንጣቱ ቀንሶ ብርሃን እስኪያሳልፍ ይበስላል። ቀዝቅዞ በብሩሽ ይቀባል። ስንዴ የማይስማማው ልጅ ካለ በሩዝ ዱቄት ሥሩት። ሀንጂ ካልተገኘ የጃፓኑ ባህላዊ ወረቀት ዋሺ ይተካዋል። ክሬፕ ወረቀት ግን ሲረጥብ ቀለሙን ስለሚለቅ አይሆንም።

ጉድለቱ ምንድን ነው? እጅ ያጨማልቃል፣ ለመድረቅም ጊዜ ይፈልጋል። ክፍሉ ውስጥ የውሃ ቧንቧ ከሌለ አስቡበት።

ሚንህዋ፦ መሳል ለሚፈራ ልጅ

ሚንህዋ ጆሶን የሚባለው ሥርወ መንግሥት ኮሪያን በገዛበት ዘመን፣ በተለይ በማብቂያው አካባቢ፣ በየቤቱ የተሰቀለ የሕዝብ ሥዕል ነው። ሠዓሊዎቹ ብዙዎቹ ስማቸው አይታወቅም። ታዋቂው ነብሩና ማግፓይ የሚባለው ጥቁርና ነጭ ወፍ አብረው ያሉበት ነው። ወፉ የምሥራች ያመጣል ተብሎ ይታመናል። ነብሩ ክፉ መንፈስ ያባርራል ይባላል፤ ነገር ግን አሳሳሉ ሌላ ነው። ዓይኑ ይንሸዋረራል፣ ይገለፍጣል፣ አንዳንዴ በሽንትር ፈንታ ነጠብጣብ ይኖረዋል። ማንንም የሚያስፈራ አይመስልም። «እኔ መሳል አልችልም» የሚል ልጅ ይህን ነብር ሲያይ ይደፍራል።

እዚህ ላይ አንድ ክርክር አለ። ሚንህዋ ከጥንትም የሚማሩት በመቅዳት ነው። ቦን የሚባል ንድፍ ከሥር ይቀመጣል፣ ወረቀት ይደረብበታል፣ መስመሩ በቀለም ይወሰዳል። ስለዚህ «ልጆች አይቅዱ» ማለት ከባህሉ ጋር አይሄድም። በሌላ በኩል ሙሉውን የሚቀዳ ልጅ የሚወስነው ቀለሙን ብቻ ነው። እኔ የምመክረው መሃሉን ነው። የነብሩን አካል ከቦኑ ይውሰዱ፤ ፊቱን ራሳቸው ይሳሉት። ፊቱ ላይ ሁለት ልጆች አንድ ዓይነት ነገር አያመጡም።

ከሚንህዋ ውስጥ ለ4ኛ ክፍልና ከዚያ በላይ ከሁሉ የማበልጠው ግን ቼክጋዶ ነው። ቼክጋዶ የመጽሐፍ መደርደሪያ ሥዕል ነው። መጽሐፍ፣ ብሩሽ፣ የአበባ ማስቀመጫ፣ ፍራፍሬ በየሳጥኑ ይደረደራል። ንጉሥ ጆንግጆ እ.ኤ.አ. በ1791 ከዙፋኑ ጀርባ ይህን ሥዕል ያለበት መከለያ አስቀምጦ ነበር። በኋላ ወደ ተራው ሕዝብ ሲወርድ መልኩ ተለወጠ። መደርደሪያው ተጣመመ፣ መጽሐፉ ከፊትም ከጎንም በአንድ ጊዜ የሚታይ ሆነ፣ የራቀው ነገር ከቀረበው ተለቀ። በሌላ የሥዕል ትምህርት ስህተት የሚባለው እዚህ ስልቱ ነው።

ለልጁ የሚሰጠው ሥራ ባዶ መደርደሪያ ሥሎ የራሱን ዕቃ መደርደር ነው። ምን ይገባል? ምን ይደበቃል? ከላይ የቱ ይቀመጣል? ይህ ሁሉ የእሱ ውሳኔ ነው። ዕቃውም ርካሽ ነው፤ ወረቀትና የውሃ ቀለም ይበቃል።

ሌላው ሙንጃዶ ነው፤ የፊደል ሥዕል። የጆሶን ሠዓሊዎች እንደ ለወላጅ መታዘዝና ታማኝነት ያሉ ስምንት በጎ ምግባሮችን የሚያመለክቱ የቻይና ፊደላትን ይጽፉና ፊደሉን በሥዕል ይሞሉት ነበር። ለወላጅ መታዘዝ በሚለው ውስጥ ዓሣ አለ። መነሻው በብርድ ወራት በረዶ በሆነ ወንዝ ላይ ተኝቶ ለእንጀራ እናቱ ዓሣ ያገኘ ልጅ ታሪክ ነው። የክፍሉ ልጆች ደግሞ የስማቸውን የመጀመሪያ ፊደል በትልቁ ጽፈው በሚወዱት ነገር ይሙሉት። ለ2ኛና ለ3ኛ ክፍል ይሄ ከቼክጋዶ ይቀላል።

ጭምብል፦ ሁለት ሳምንት ካላችሁ ብቻ

አንዶንግ ከተማ አጠገብ ያለው የሃሆ መንደር በእንጨት ጭምብሎቹ ይታወቃል። ጭምብሎቹ እ.ኤ.አ. ከ1964 ጀምሮ ብሔራዊ ቅርስ ናቸው። ጭምብል ለብሶ የሚጨፈረው ታልቹም ደግሞ በ2022 በዩኔስኮ የማይዳሰስ ቅርስ መዝገብ ገብቷል። ጨዋታው ባላባቱንና መነኩሴውን ያሾፍባቸዋል። ልጆች ይህን ቶሎ ይረዱታል።

ለትምህርት የሚጠቅሙ ሁለት ነገሮች አሉት። አንደኛ፣ የአንዳንዶቹ አገጭ ለብቻው ተሠርቶ በገመድ የታሰረ ስለሆነ ሲናገሩ ይንቀሳቀሳል። በካርቶን ይህን መሥራት ከባድ አይደለም። ሁለተኛ፣ የባላባቱ ጭምብል ቀና ሲል የሚስቅ፣ ሲያቀረቅር የተቆጣ ይመስላል። ይህ የሚመጣው ከቅርጹና ከጥላው ነው። ልጆቹ የራሳቸውን ጭምብል በመስኮት ብርሃን ወደ ላይና ወደ ታች እያዘነበሉ ይሞክሩት። ቀለም ከመቀባታቸው በፊት ቅንድቡን ወይም ጉንጩን ከፍ ማድረግ እንደሚያስፈልግ ያን ጊዜ ይገባቸዋል።

ተረቱም አለ። ሆ የሚባለው ወጣት ጭምብሎቹን ማንም ሳያየው እንዲቀርጽ ታዝዞ ነበር። የወደደችው ልጅ አጮልቃ አየችውና እዚያው ሞተ። ኢሜ የሚባለው ጭምብል አገጭ የሌለው ለዚህ ነው ይባላል። ለ1ኛ ክፍል ትንሽ የሚከብድ ተረት ነው። ለ5ኛ ክፍል ግን ወሬ አያስፈልግም፣ ዝም ብለው ይሰማሉ።

ችግሩ መድረቁ ነው። በፊኛ ላይ ወረቀት እየደራረቡ የሚሠሩት ጭምብል በአንድ ክፍለ ጊዜ አያልቅም። የመጀመሪያው ሳምንት ለቅርጽ፣ ሁለተኛው ለቀለምና ለገመድ ይሁን። ጊዜ የለንም ብላችሁ የተዘጋጀ ነጭ ጭምብል ልትገዙ ከሆነ ሚንህዋ ብትሠሩ ይሻላችኋል። የጭምብሉ ትምህርት ያለው ቅርጹ ላይ ነው፣ እሱን ደግሞ ፋብሪካው ሠርቶታል።

ጆጋክቦ ወይስ ሜዱፕ?

እነዚህ ሁለቱ ብዙ ጊዜ «የክር ሥራ» ተብለው አንድ ላይ ይቀርባሉ። ባሕርያቸው ግን ተቃራኒ ነው።

ጆጋክቦ ከቁርጥራጭ ጨርቅ የሚሰፋ መጠቅለያ ነው። ሴቶች ልብስ ሰፍተው የተረፋቸውን ቁራጭ ሳይጥሉ ያገጣጥሙት ነበር። የግድ የሚከተሉት ንድፍ የለም። ቁራጩ የፈቀደውን ታደርጋለህ። ሜዱፕ ደግሞ የቋጠሮ ጥበብ ነው። አንድ ገመድ ከመሃሉ ይታጠፋል፣ ሁለቱ ጫፎች ይሠራሉ፣ ፊቱና ጀርባው አንድ ዓይነት ሆኖ ይወጣል። ቋጠሮዎቹ የውሃ ተርብ፣ ቢራቢሮ እየተባሉ ይጠራሉ። በኮሪያ ባህላዊ ልብስ በሀንቦክ ላይ የሚንጠለጠለው ኖሪጌ የሚባለው ጌጥ ያለ ቋጠሮ አይሆንም። ሜዱፕ ትክክለኛ መንገዱ አንድ ነው። አንዱን ዙር የሳተ ከመጀመሪያ ይፈታል።

በፈጠራ መለኪያ ጆጋክቦ ያለ ጥርጥር ያሸንፋል። ሜዱፕ የሚያስተምረው ትኩረትን ነው፤ ይህም ቀላል ነገር አይደለም። ግን ሃያ ልጅ ባለበት ክፍል አንድ አስተማሪ ሃያ ገመድ ሊፈታ አይችልም። ስድስት ሰባት የ5ኛና የ6ኛ ክፍል ልጆች ባሉበት ክበብ ውስጥ ግን ሲሠሩት ደስ ይላል። ለመለማመጃ ወፍራም ገመድ ስጧቸው። ሁለት የተለያየ ቀለም ያለው ገመድ መሃሉ ላይ ብትቀጥሉላቸው የቱ ጫፍ የት እንደሚገባ ይለያሉ። ዶሬ ከሚባለው ጥንድ ቋጠሮ ጀምሩ።

ጆጋክቦ በመርፌ የሚሠራው ለትልልቆቹ ነው። በኮሪያ የእጅ ስፌት በ5ኛና በ6ኛ ክፍል በተግባር ትምህርት ውስጥ ስለሚመጣ ከዚያ ጋር ይገጥማል። ለትንንሾቹ የወረቀት ጆጋክቦ አለ። ቀለም የተነከረ ስስ ሀንጂ ይቆረጣል፣ ጠርዙ ትንሽ ተደራርቦ ይጣበቃል፣ መስኮት ላይ ይሰቀላል። ብርሃን ሲያልፍበት የተደራረበው ጠርዝ ጠቆር ብሎ ይታያል። ሞሺ ከሚባለው ስስ ጨርቅ በተሠራው እውነተኛ ጆጋክቦ ላይ ስፌቱ የሚታየው እንዲሁ ነው። ቁራጮቹን እኩል አራት ማዕዘን አድርጋችሁ አታድሏቸው። ልጁ እንዲያስብ የሚያደርገው ያልተስተካከለው ቁራጭ ነው።

ዳንቾንግ፦ ከቀለም መቀባት በላይ ማድረግ ይቻላል

ዳንቾንግ በቤተ መንግሥትና በቤተ መቅደስ ጣሪያ ሥር ያለው የቀለም ጌጥ ነው። ሴኡል የግዮንግቦክጉንግ ቤተ መንግሥት ላይ ቀና ብሎ ማየት ይበቃል። መሠረቱ አምስት ቀለም ነው፦ ሰማያዊ ለምሥራቅ፣ ነጭ ለምዕራብ፣ ቀይ ለደቡብ፣ ጥቁር ለሰሜን፣ ቢጫ ለመሃል።

ክፍል ውስጥ በብዛት የሚሰጠው በታተመ ንድፍ ላይ ቀለም መቀባት ነው። ልጆቹ ጸጥ ይላሉ፣ አስተማሪውም ይተነፍሳል። አንዳንድ ቀን ይህም ያስፈልጋል። በእኔ መለኪያ ግን መጨረሻ ላይ ነው የሚቀመጠው።

የድሮ ባለሙያዎች ያደረጉትን ብታደርጉ ግን ነገሩ ይለወጣል። ንድፉን ወረቀት ላይ ይሠሩና መስመሩን ተከትለው በመርፌ ይበሱታል። ወረቀቱን እንጨቱ ላይ አስደግፈው ነጭ ዱቄት በታሰረበት ጨርቅ ይመቱታል። ዱቄቱ በቀዳዳው አልፎ ነጠብጣብ መስመር ይተዋል። ከ3ኛ ክፍል በላይ ያሉ ልጆች የራሳቸውን አበባ ሥለው፣ ወፍራም ጨርቅ ላይ አስቀምጠው በስተው፣ በተፈጨ ቾክ ሊያትሙት ይችላሉ። አንዱ ንድፍ አራት አምስት ጊዜ ያገለግላል። ቾኩ ስለሚበን መስኮት ክፈቱ።

ለሜዳ የሚሆኑት

ካይት (በክር ተይዞ በነፋስ የሚበር የወረቀት መጫወቻ) ለመሥራት ነፋስና ሰፊ ሜዳ ያስፈልጋል፤ ሁለቱ ከሌሉ አትጀምሩት። የኮሪያ ታዋቂው ካይት ባንግፔዮን አራት ማዕዘን ነው፣ መሃሉም ክብ ቀዳዳ አለው። ነፋሱ በቀዳዳው ስለሚያልፍ ካይቱ ኃይለኛ ነፋስን ይችላል። አምስት የቀርከሃ ዘንግ ይፈልጋል፣ ሚዛኑን ማስተካከልም ለልጅ ከባድ ነው። ለአንደኛ ደረጃ የሚሆነው ጋኦሪዮን ነው፤ ሁለት ዘንግና ረጅም ጅራት ብቻ። ቀርከሃውን አስተማሪው ቀድሞ ይሰንጥቀው። በጨረቃ አቆጣጠር በዓመቱ የመጀመሪያ ሙሉ ጨረቃ ቀን ክሩን በጥሶ ካይቱን መልቀቅ የቆየ ልማድ ነው፤ መጥፎ ዕድል አብሮ ይሄዳል ይባላል። ልጆቹ ወረቀቱ ላይ እንዲሄድላቸው የሚፈልጉትን ነገር እንዲጽፉ ማድረግ ይቻላል። የኤሌክትሪክ መስመር አጠገብ ግን በፍጹም።

ታክጂ ከሁለት ወረቀት የሚታጠፍ ጠፍጣፋ ካሬ ነው። መሬት ያለውን በሌላው መትቶ መገልበጥ ነው ጨዋታው። ለመሥራት አሥር ደቂቃ አይፈጅም። ትምህርት ቀድሞ ያለቀ ቀን ያድናል።

ለጊዜው የምተዋቸው

ናጆንችልጊ፣ ማለትም በዛጎል አብረቅራቂ ቁራጭ ያጌጠው የላክ (የሚያብረቀርቅ ቅብ) ሥራ፣ ዓይን ይማርካል። እውነተኛው ላክ ግን ከዛፍ የሚወጣ ነው፣ ቆዳን ክፉኛ ያሳክካል። ለልጆች የሚቀርበው ተለጣፊ ያለበት ኪት ነው። ሙዚየም ሄዶ ማየቱ ይበቃል።

ከጆሶን በፊት የነበረው የጎርዮ ሥርወ መንግሥት ዘመን አረንጓዴ ሸክላ ማቃጠያ ምድጃ ይፈልጋል። ምድጃ ያለው ትምህርት ቤት ከሆነ ሸክላው ላይ መስመር ፈልፍሎ በሌላ ቀለም ጭቃ መሙላት ድንቅ ትምህርት ነው፤ ሳንጋም የሚባለው ዘዴ ይህ ነው። ምድጃ ከሌለ በአየር በሚደርቅ ጭቃ ይሞከራል፣ ግን ውሃ አይያዝበትም።

የት ይማሩት?

ኮሪያ ውስጥ ለሚኖር ቤተሰብ ሦስት በር አለ። አንዱ በትምህርት ቤቱ ግቢ ከክፍል በኋላ የሚሰጠው ነው። ቅርብ ነው፣ ብዙ ጊዜም ከግል ይረክሳል፤ የልጆቹ ዕድሜ ግን ሊደባለቅ ይችላል። ሁለተኛው ሀግዎን፣ የግል የሥዕል ማስተማሪያ ነው። ቡድኑ አነስ ያለ ከሆነ ጥሩ ነው፤ ሆኖም ብዙዎቹ ባህላዊውን ሥራ የሚያመጡት ለበዓል ሰሞን ነው። ሦስተኛው የአንድ ቀን ልምምድ ነው። ጆንጁ ከተማ የሀኖክ (የኮሪያ ባህላዊ ቤት) መንደር ውስጥና ሴኡል ኢንሳዶንግ ሰፈር ይገኛል። በአንድ ሁለት ሰዓት ያለቀ ዕቃ ይዞ መውጣት ስላለበት ኪቱ እዚህ ይበዛል። ለማስተዋወቅ ጥሩ ነው፣ ለመማር ግን አይበቃም። ጆንጁ ከሄዳችሁ ከማራገቢያ ቀለም ይልቅ ወረቀት በወንፊት ማውጣት የሚያስሞክር ቦታ ፈልጉ።

ለየትኛውም ከመክፈላችሁ በፊት ያለፈው ቡድን የሠራውን እንዲያሳዩዋችሁ ጠይቁ። አንዱን ቆንጆ ሥራ ሳይሆን የሁሉንም ጎን ለጎን። አንድ ዓይነት ከሆኑ መልሱን አግኝታችኋል። ከዚያ ሙጫውን ማን እንደሚያዘጋጅ፣ ሳይደርቅ የቀረው ሥራ የት እንደሚቀመጥ ጠይቁ። ለዚህ መልስ ያለው አስተማሪ ሥራውን በእጁ የሠራ ነው።

ራሳችሁ የምታስተምሩ ከሆነ ለአንድ መንፈቅ ሦስት ሥራ ይበቃል። ለታናናሾቹ የሀንጂ መቅደድ፣ የፊደል ሥዕል፣ የወረቀት ጆጋክቦ። ለታላላቆቹ ቼክጋዶ፣ ባለ ሁለት ሳምንቱ ጭምብል፣ በመርፌ የተበሳ ዳንቾንግ። ጭምብሉን ዝናብ በሚበዛበት ሞቃት ወር አታድርጉት፤ ኮሪያ ውስጥ ያን ጊዜ ወረቀት አልደርቅ ይላል።